ገፍታሪዋ ኩርባ

ከከተማው ጀርባ፣ ድንጋዩ ተፈልጦ ካለቀ በኋላ ሳርና ቁጥቋጦ በወረሰው አሮጌ የድንጋይ ካባ ላይ፣ አራት የብስክሌት መንገዶች አሉ። አራቱንም በዶማና በአካፋ ያወጣቸው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ብስክሌት መንዳት አይችልም ነበር። ይህን ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ቢያንስ እሱ የሚያስበው እንደዚያ ነው።

መታወቂያው ላይ ያለውን ስሙን የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው። ሌላው ሰው ሁሉ ጋሼ ውሃልክ ይለዋል። ስሙ የወጣለት መንገድ ሥራ ላይ ሳለ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አካፋ ይዞ ሲሠራ፣ ፎርማኑ ውሃ ልኩን ከመኪና ማውጣት በሰለቸው ቁጥር፣ «ና እስቲ፣ ዓይንህን ወዲህ አምጣት!» ብሎ ይጠራው ነበር። እሱም በርከክ ይልና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «በቀኝ በኩል ሁለት ጣት ወርዷል» ይላል። ሲለካ ሁለት ጣት ነው። አንድ ቀን ሦስት ጣት ሆኖ ተገኘና ሠራተኛው ሁሉ ሳቀበት፤ በኋላ ሲጣራ የተጣመመው መለኪያው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ውሃልክ እንደሆነ ቀረ።

የመንገድ ሥራው አልቆ ቡድኑ ሲበተን፣ ቤት ውስጥ ከሚስቱ የልብስ ስፌት መኪና አጠገብ ቁጭ አለ። አንድ ወር ታገሠችው። በሁለተኛው ወር፣ «አንተ ሰው፣ ወይ መርፌ ያዝ ወይ ከእግሬ ሥር ተነሥ፤ ቁራጭ ጨርቅ ባነሣሁ ቁጥር ጉልበትህን እያነሣሁ ነው» አለችው። ሳይደግስ አይጣላም እንደሚባለው፣ በዚያው ሳምንት የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር በራቸውን አንኳኳ። ትምህርት ቤቱ አሥራ ሁለት ያገለገሉ የተራራ ብስክሌቶች በስጦታ አግኝቷል፤ ልጆቹ ግን የሚነዱበት አጥተው ከጭነት መኪና ጋር በዋናው መንገድ ይጋፋሉ። ካባው ባዶውን ተቀምጧል።

«መንገድ ትሠራልን፣ ጋሼ?» አለው መምህሩ።

«ለብስክሌት?»

«ለብስክሌት።»

«መንገድ መንገድ ነው» አለ ውሃልክ። ያን ቀን ነው ጣጣውን በገዛ አፉ የጠራው።

ሥራውን ግን የሠራው በፍቅር ነው። ዝናብ መጥቶ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲሮጥ፣ እሱ ጃንጥላውን ይዞ ወደ ካባው ይወጣል። አዲስ በቆፈረው መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ውሃው የት እንደሚተኛ፣ የት እንደሚሮጥ፣ የቱ ጋ አፈር እንደሚሰርቅ ያያል። በማግስቱ ዶማውን ይዞ ይመለሳል። «ውሃ ያልፈረመበት መንገድ አላለቀም» ይላል። መንገዱን ሁሉ ወደ ገደሉ በኩል ጥቂት ያዘነብለዋል፣ ውሃ ሳይከማች ተሻግሮ እንዲወርድ። ከአርባ ሰዎች ጋር ሲሠራ የተማረው ይህንኑ ነው፤ መንገድን የሚገድለው ጎማ ሳይሆን ውሃ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ መምህሩ በልጆቹ ፊት አንድ አዲስ ሰማያዊ ብስክሌት ሸለመው። ልጆቹ አጨበጨቡ። ያን ጊዜ «ልጆቼ፣ እኔ እኮ አልችልም» ቢል በአንድ ሳቅ ያልፍ ነበር። አላለም። አባቱ ቀደም ብሎ ስለሞተ በአሥራ አራት ዓመቱ ሥራ የገባ ሰው ነው፤ ብስክሌት የሚለመድበትን ዕድሜ በአካፋ ነው ያሳለፈው። ያን ሁሉ ማስረዳት ከበደውና «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ብስክሌቱን ተረከበ። ከዚያ አካፋውን በአግዳሚው ላይ አሰረበት፤ ባልዲውን መሪው ላይ አንጠለጠለ። «ዕቃ ጭኜበት እንዴት ልንዳው?» እያለ ስድስት ዓመት ሙሉ ገፋው።

ቅዳሜ ቅዳሜ መምህሩ ከፊት ይነዳል፣ ልጆቹ ይከተሉታል፣ ውሃልክ ብስክሌቱን እየገፋ ከኋላ ይመጣል። በአቋራጭ ወርዶ ከባድ ቦታዎቹ ላይ እየቆመ ይጮኻል፦ «ዓይንህን ከጎማው ላይ አንሣ! የምትሄድበትን እይ!»፣ «መሪውን አትነቂው፣ እንደ ጫጩት ያዢው!» አንድ ሺህ ጊዜ ሲወድቁ አይቷልና ማን እንደሚወድቅ ከወደቀው ልጅ ቀድሞ ያውቃል። ሲወድቁም ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው፤ በአንድ ኪሱ ፋሻ፣ በሌላው ከረሜላ ይዞ።

በዚህ መሐል ደብዳቤው መጣ። መምህሩ ዕቃ ቤት ባደረጉት አሮጌ ኮንቴይነር ደጃፍ ላይ ቆሞ አነበበለት። ከከተማው የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ነው። ከእንግዲህ ልጆችን በተራራ ብስክሌት የሚመራ ሰው ሁሉ፣ ከፊትም ይሂድ ከኋላ፣ በባለሙያ ፊት ነድቶ ማሳየት አለበት። ያላለፈ ልጆች ይዞ አይወጣም።

«ለአንተ ይሄ ቀልድ ነው» አለ መምህሩ እየሳቀ። «ስምህን አንደኛ ላይ ጽፌዋለሁ። አሥር ሳምንት አለን።»

ውሃልክ ዶማውን ሲጠርግ ቆየ። የተጠረገውን ዶማ እንደገና ጠረገው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ የሰው ሱሪ እያሳጠረች ነበር። ነገራት። መቀሷን አስቀመጠች። ከዚያ እስኪያስለቅሳት ድረስ ሳቀች።

«አንቺ ምን ያስቅሻል? ልጆቹን ሊወስዱብኝ ነው እኮ!»

«የሚያስቀኝማ ብስክሌቱ ነው። ስድስት ዓመት እንደ እመጫት ስትደግፈው ኖረህ፣ አንድ ቀን እንኳ ‹ውጣብኝ፣ እኔ ልሸከምህ› ሳይልህ!» ዓይኗን ጠረገች። ፊቱን ስታየው ግን ሳቋን ተወች። «ንገራቸው፣ የኔ ጌታ። ልጆች ናቸው፤ ይስቃሉ፣ ከዚያ ይረሳሉ።»

«‹ስድስት ዓመት ስትጮህብን የኖርከው በምን ዕውቀትህ ነው?› ቢሉኝስ? ምን እመልሳለሁ?»

መቀሷን አንሥታ ወደ ሱሪው ተመለሰች።

ሲያድር የመጣለት መላ «ወገቤን አመመኝ» ማለት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ኮንቴይነሩ ደጅ ላይ ብስክሌት ሲያጥቡ ደረሰና እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ «እንግዲህ ልጆች፣ ሐኪም ከልክሎኛል። ከመምህሩ ጋር ትቀጥላላችሁ። እኔ መንገዱን ብቻ እጠግናለሁ» አላቸው።

ከመሐላቸው ትልቋ ፍሬን የሚሏት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። ፍሬን የተባለችው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ ታይታ ስለማታውቅ ነው። ያጠበችበትን ጨርቅ ጨምቃ ባልዲው ላይ ሰቀለች።

«ጋሼ፣ ወገብዎ ደህና ነው። ትናንት የሲሚንቶ ከረጢት በትከሻዎ ተሸክመው ሲወጡ አይቻለሁ።»

«ከዚያ በኋላ ነው የጀመረኝ።»

«ጋሼ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ብስክሌቶቹን በየቅዳሜው የማጥብ እኔ አይደለሁም? የእርስዎ ካቴና ዝጎ አንድ ላይ ተጣብቋል። ፔዳሉ አይዞርም። ኮርቻው ደግሞ እስከ ዛሬ ከነላስቲኩ ነው።»

ውሃልክ ወደ ኮርቻው አየ። እውነትም ከነላስቲኩ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ወደ አካፋው እንጂ ወደ ኮርቻው አይቶ አያውቅም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ሁለት ዓመት ይሆናል።»

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለማንም!» አለች ፍሬን። ከኋላዋ ቁንጫ የሚሉት አሥራ አንድ ዓመት ያልሞላው ልጅ ሳያስበው አፉን ከፈተ፦ «እኔማ ከእሷ በፊት ነው ያወቅኩት። ሁላችንም እናውቃለን፣ ጋሼ። ‹ኑ ይንዱ› እንዳንልዎት ተማምለናል። አንድ ጊዜ አዲሱ ልጅ ሊልዎት ሲል እግሩን ረግጬዋለሁ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ከተማው ውስጥ የእሱን ምስጢር የማያውቅ የቀረው መምህሩ ብቻ ነበር፤ እሱም ሁልጊዜ ከፊት ስለሚነዳ ወደ ኋላ አይቶ ስለማያውቅ ነው።

ውሃልክ «ሚስማር ፈልጌ ልምጣ» ብሎ ኮንቴይነሩ ውስጥ ገባ። ሚስማሩ ያለበት ቆርቆሮ በሩ ላይ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ እሱ ግን ጨለማው ውስጥ ብዙ ቆየ። ሊያፍር ነበር አስቦ የገባው። ያገኘው ግን ሌላ ስሜት ሆነ። እነዚህ ስድ፣ አፈ ቀላጤ፣ በአስተማሪያቸው የአነጋገር ዘዬ እንኳ የሚቀልዱ ልጆች ሁለት ዓመት ሙሉ ክብሩን እንደ እንቁላል ተሸክመውለታል። የገዛ ወንድሙ ይህን ያህል ምስጢር አይጠብቅለትም። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። እጁ ውስጥ ሚስማር የለም።

«አሥር ሳምንት ይበቃል?» አለ።

«ለእኔ ሦስት ቀን በቅቶኛል» አለ ቁንጫ።

«አንተ ስትወድቅ ከመሬት ያለህ ርቀት ስንት ነው? አንድ ክንድ። እኔ ግንድ ነኝ፣ ልጄ።»

ሰማያዊው ብስክሌት ካቴና ተቀየረለት፣ ላስቲኩ ተላጠ። ሚስቱ ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጣ ለጉልበቱና ለክርኑ መከላከያ ሰፋችለት፤ አንዱን ትርፍ ሠርታ ከወገቡ በታች የሚታሰር አደረገችው። «ለዚያኛው ወገብ ነው፣ ሐኪም ለከለከለው» አለችው።

ትምህርቱ የተጀመረው ከካባው ግርጌ፣ ለጥ ባለው ሜዳ ላይ ነው። ፍሬን ኮርቻውን ከኋላ ይዛ ትሮጣለች፣ ቁንጫ ከፊት ወደ ኋላ እየተራመደ «ወደ እኔ፣ ወደ እኔ!» ይላል። አዛውንት የሚያስተምሩ ልጆች ችግር ላይ ወደቁ፤ «ጋሼ፣ እባክዎን ፔዳሉን ይርገጡት» ብለው ሳይጨርሱ ጋሼ ሳር ውስጥ ነው። አራተኛው መውደቅ ላይ ፍሬን ትዕግሥቷ አለቀና «ርገጠው! ርገጠው እንጂ!» ብላ ጮኸች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። እሱ ግን አምስት እርምጃ ያህል ሄዶ ነበር።

«ሰማችሁ?» አለ ከወደቀበት ሆኖ። «ኮርቻ ላይ እስካለሁ ድረስ ‹አንተ› በሉኝ። እናንተ አክብራችሁኝ እስክትጨርሱ እኔ አጥንት አይተርፈኝም። ስወርድ ‹እርስዎ› ትሉኛላችሁ።»

ስለዚህ ሜዳው ላይ አስቂኝ ነገር ይሰማ ጀመር። «አንተ ጋሼ፣ ወደ ታች አትይ!» ይላሉ፤ ሲወርድ «ውሃ ይጠጣሉ፣ ጋሼ?» በአምስተኛው ሳምንት ታችኛውን መንገድ እስከ መጨረሻው ወረደ። ልጆቹ ሲያጨበጭቡ፣ በመንገድ ሥራ ዘመኑ ድልድይ ተመርቆ ሪባን ሲቆረጥ ካየው ይህ በለጠበት።

ከላይ ካሉት መንገዶች በአንደኛው ላይ ግን ልጆቹ ገፍታሪዋ የሚሏት ኩርባ አለች። ረጅም ቁልቁለት ጨርሰው ድንገት ወደ ግራ የሚታጠፉባት ናት። እዚያ ያልወደቀ ልጅ የለም። ሁልጊዜም «ጋሼ፣ ይቺ ኩርባ ትገፈትራለች» ይሉታል፤ ሁልጊዜም መልሱ አንድ ነው፦ «ፍሬን ቀድማችሁ ስለማትይዙ ነው። ኩርባዋ ምንም የላትም። በዓይኔ ነው የለካኋት።» ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ እጇን ተሰብራ ከቡድኑ ወጥታ አልተመለሰችም። በእሷም ያለው ይህንኑ ነበር።

በሰባተኛው ሳምንት እሱ ራሱ ወደ ኩርባዋ ወረደ። ፍሬኑን ቀድሞ ያዘ። ዓይኑን ከጎማው አነሣ። መሪውን እንደ ጫጩት ያዘ። ለስድስት ዓመት የጮኸውን ሁሉ አደረገ። ኩርባዋ መሐል ሲደርስ ግን መሬቱ ከሥሩ ወደ ገደሉ በኩል የሄደ መሰለው፤ ጎማው ተንሸራተተ፣ እሱም ከነብስክሌቱ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ።

ልጆቹ ሮጠው ሲደርሱ በጀርባው ተኝቶ ሰማይ ያያል።

«ተጎዱ?» አለች ፍሬን።

«ዝም በሉኝ እስቲ።» ተነሥቶ ተንበረከከ፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መሬቷን አየ። ወደ ውጭ ሦስት ጣት አዘንብላለች። በገዛ እጁ ነው ያዘነበላት፤ ውሃው እንዲወርድ ብሎ። ለሚራመድ ሰውና በቀስታ ለሚሄድ ጋሪ ትክክል ነው። በፍጥነት ለሚመጣ ጎማ ግን ያቺ ዝንባሌ የሰው እጅ ናት፤ ወደ ገደሉ ትገፋለች። ውሃው ፈርሞበታል፤ የሚነዳውን ግን ማንም አልጠየቀውም።

«ትገፈትራለች» አለ።

ወደ ልጆቹ ዞረ።

«ስድስት ዓመት ነገራችሁኝ። እኔ በእናንተ ፈረድኩ። ያቺ ልጅ እጇ የተሰበረው በእኔ ዓይን ነው።» ኮፍያውን አወለቀ። «ይቅር በሉኝ።»

ልጆች ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲጠይቃቸው የሚያደርጉትን አያውቁም። አንዱ ድንጋይ በእግሩ ገፋ፣ ሌላዋ ጫማዋን አሰረች። ቁንጫ ነው የገላገላቸው፦ «ታዲያ እናፍርሳት?»

አፈረሷት። ሁለት ቅዳሜና በመሐሉ ያሉትን ከትምህርት በኋላ ያሉ ሰዓቶች ሁሉ ፈጀባቸው። የውጭውን ጠርዝ በድንጋይና በአፈር ከፍ አድርገው፣ ኩርባዋን እንደ ሳህን ጎን አስጎነበሷት፤ ጎማውን ታቅፋ እንድታዞር። ውሃው ኩርባዋ ውስጥ እንዳይገባ ደግሞ ከእሷ አሥር እርምጃ ቀደም ብሎ መንገዱን ዝቅ አድርገው፣ በዚያ በኩል ወደ ቁጥቋጦው አስወጡት። ልኩን የያዘው ውሃልክ ነው፤ ግን በእያንዳንዱ ክንድ አንድ ልጅ እያስነዳባት «አሁንስ?» ይለዋል። «ገና ነች» ካሉት ይጨምራል። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ሰው አስፈቅዶ ተጠቀመ።

ኩርባዋ ያለቀች ዕለት ማታ እጇ ወደተሰበረው ልጅ ቤት ሄዶ ለእናቷም ለእሷም እውነቱን ነገራቸው። እናትየዋ አላቀፈችውም፤ አልተቆጣችምም። «መምጣትዎ ራሱ ጥሩ ነው» አለች። ልጅቷ እስከ በሩ ሸኘችውና «አሁን አትገፋም?» ብላ ጠየቀችው። «እኔን አልገፋችኝም፤ አንቺ ግን መጥተሽ ራስሽ እያት» አላት።

የፈተናው ቀን ባለሙያዋ በራሷ ብስክሌት መጣች፤ ወጣት፣ ፊቷ ፈታ ያለ፣ ደብተሯ በላስቲክ የታሰረ። ፈተናው እንዲህ ነው፦ ውሃልክ ሦስት ልጆችን ከኋላ እየተከተለ ይወርዳል፤ መንገድ ላይ አንዱ የወደቀ መስሎ ይተኛል፤ ውሃልክ ደርሶ ይረዳዋል። መውደቁ ለቁንጫ ተሰጠ። ቁንጫ ዕድሉን አላባከነም፤ «እናቴን ጥሩልኝ! ዓይኔ አያይም!» እያለ ተንከባለለ። ውሃልክ የተባለውን ሁሉ ረስቶ፣ ብስክሌቱን መሐል መንገድ ወርውሮ፣ ፋሻውን እያወጣ ሮጠ። ልጁ እንደሚቀልድ የገባው ጭንቅላቱን ከዳበሰ በኋላ ነው። «አንተ ውሻ፣ ልቤን አቆምከው እኮ!» አለው። ባለሙያዋ ወደ ደብተሯ ስትጎነበስ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ላይኛው መንገድ ሆነ። ገፍታሪዋ ጋ ሲደርስ ኩርባዋ ታቅፋ አዞረችው፤ ለራሱም ገረመው። ከእሷ በታች ባለው ድንጋያማ ደረጃ ላይ ግን ሁለት ጊዜ እግሩን መሬት ጣለ፤ በሦስተኛው ወርዶ ገፋ። መግፋቱንማ ይችልበታል።

የጀማሪ አነዳዱን ያየው መምህሩ ግርጌው ላይ አፉን ከፍቶ ቆሟል። «ጋሼ፣ አንተ... መቼ ነው የተማርከው?»

«ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ። አንተ ወደ ፊት እያየህ ንዳ።»

ባለሙያዋ ደብተሯን ዘጋች። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ላይኛዎቹን ሁለቱን አልፈቅድልዎትም። ብስክሌት መሐል መንገድ ላይ አይጣልም፤ ከኋላ የሚመጣ ልጅ ይወድቅበታል። ደግሞ ድንጋዩ ላይ ገና ነዎት።»

«ልክ ነሽ፣ ልጄ።»

«ታችኛዎቹን ሁለቱን ግን፣ ከጀማሪዎቹ ጋር፣ ፈቅጄያለሁ። የወደቀ ልጅ ጋ እንደ እርስዎ ፈጥኖ የደረሰ ሰው በዚህ ዓመት አላየሁም።»

ይከራከረኛል ብላ ሳትጠብቅ አልቀረችም፤ እሱ ግን ወረቀቱን ተቀብሎ ልጆቹን ዞሮ አያቸው። ፍሬን ፊቷን ወደ ካባው አዙራለች፤ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ስትጠርግ ግን ታይታለች። ብዙ ሊላቸው አስቦ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያዘጋጀው አድሯል። ከአፉ የወጣው «እናንተን ማን ሰጠኝ?» የሚል ብቻ ሆነ። ቁንጫ «መምህሩ!» አለ፤ እውነትም ነበረ። ውሃልክ ሄዶ የመምህሩን እጅ ጨበጠ። መምህሩ ስለምን እንደሚመሰገን ሳይገባው «ኧረ ምንም አይደል» አለ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሰባት ጀማሪዎች ታችኛው መንገድ አናት ላይ ተሰለፉ፤ አንዳንዶቹ ስምንት ዓመት አልሞላቸውም፤ የራስ ቁራቸው ከፊታቸው ይሰፋል። ውሃልክ አካፋውንም ባልዲውንም ኮንቴይነሩ ውስጥ ትቶ፣ ሰማያዊው ብስክሌት ላይ አንድ እግሩን አንሥቶ ቆመ።

«ከመውረዳችን በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ» አላቸው። «እኔ ብስክሌት የተማርኩት ገና በዚህ ዓመት ነው። ሦስት ወር አልሞላኝም።»

ከሰልፉ ጫፍ አንዲት ጥርሷ የወለቀ ትንሽ ልጅ በትዝብት አየችው።

«እኔ አራት ወር ሞልቶኛል» አለች።

«እንግዲያው አንቺ ቅደሚ» አለና መንገድ ለቀቀላት።